ፊቱ ወደ በረት የዞረው ዕጩ

"ዋጥ አድርጉት" ባይ የሌለበት ማኅበር በምድር ላይ የለም። በቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ቢሉ፣ በወላጆች ስብሰባ ቢሉ፣ በውርስ ጭቅጭቅ ቢሉ፣ ሰው ሁሉ ተኮራርፎ ወንበሩን ገፍቶ ሊነሳ ሲል አንዲት ሴትዮ ሳህን ይዛ ብቅ ትላለች። "በሉ አሁን፣ ዋጥ አድርጉትና ቁጭ በሉ" ትላለች። ሰውም ይቀመጣል። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ዓለም ገና ድሮ ተበታትና ነበር ብዬ አምን ነበር፤ እስካለፈው ነሐሴ ድረስ።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ማርሊስ ቶለፍሰን ይባላሉ። ሰባን ተሻግረዋል። በዚህች የዊስኮንሲን አውራጃ ፓርቲያቸውን በሊቀመንበርነት መምራት የጀመሩት እኔ ጥርስ ሳላበቅል ነው። ተቀናቃኝ ገጥሟቸው አያውቅም፤ ሥራውን የሚፈልገው የለማ! እኔ የአውራጃው ሳምንታዊ ጋዜጣ አምደኛ ስለሆንኩ የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም። በየዓመቱ በገበሬዎች ባዛር ከድንኳናቸው የማልጠፋው በዘይት ለሚጠብሱት አይብ ስል ብቻ ነው።

የማርሊስን ተአምር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ፓርቲው ለክፍለ ግዛቱ ገዥነት ያቀረበው ሰው የባላንጣችንን የቺካጎን የኳስ ቡድን ኮፍያ አድርጎ ከተማችን ገባ። በእኛ አገር ይህ ከስርቆት የከፋ ነው። የወተት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣው ቨርን ኮስኪ፣ የፓርቲው አንጋፋ አባል፣ "ይሄን ሰውዬ ከምመርጥ እጄ ይቆረጥ!" ብሎ ማለ። ማርሊስ የቼሪ ፓይ ጋግረው ቤቱ ይዘውለት ሄዱ።

"ቨርን፣ የምትመርጠው ኮፍያውን ነው ወይስ ሰውዬውን?"

"ኮፍያው እኮ ሰውዬው ጭንቅላት ላይ ነው ያለው፣ ማርሊስ!"

"ዋጥ አርገው።"

ቨርን ዋጠው። በማግስቱ የባለኮፍያውን ፎቶ በየአጥሩ ሲተክል ዋለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ዕጩ የከተማችንን ስም ሳያውቅ መድረክ ላይ ወጥቶ የጎረቤታችንን ከተማ አመሰገነ። እሱንም ዋጡት። ማርሊስ ራሳቸው "ፓርቲዬ ቢጫ ውሻ ቢያቀርብ አጥንቱን ተሸክሜ ቅስቀሳ እወጣለሁ" ይሉ ነበር፤ ማንም አልተጠራጠራቸውም።

አምና ፓርቲው ለፕሬዚዳንትነት ያቀረበው ሰው ግን ውሻ አልነበረም። ምን እንደነበረ ነው ያልተስማሙት። ግማሾቹ "በስንት ዘመን አንዴ የሚገኝ ሰው!" አሉ። ግማሾቹ "የቤቴን ቁልፍ እንኳ እሱ ዘንድ አላስቀምጥም!" አሉ። አብረው ያረጁ ሰዎች ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሁለት እህትማማቾች በአንድ መኪና ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆሙ። የፀጉር ቤት ያላት ዳርላ ኬሊንግ፣ የዕጩው ቀንደኛ ደጋፊ፣ የቨርንን ሚስት ፀጉር እየቀባች ሳለ ክርክር ተነሳ። "ሌላውን ግማሽ የአንቺ ወገኖች ይቀቡሽ" ብላ ከወንበሩ አስነሳቻት። ምስኪኗ ሴትዮ ሻሽ አስራ ነው የከረመችው።

ባዛሩ ሰኞ ሲከፈት ዳርላ የዕጩውን የካርቶን ምስል አመጣች። ቁመቱ የሙሉ ሰው፣ ሳቁ እስከ ጆሮው። ሕዝቡ አብሮት ፎቶ እንዲነሳ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ተገተረ። ቨርን "እዚህ ሰውዬ አጠገብ አይብ አልጠብስም" ብሎ መጥበሻውን ወደ ኋላ ጎተተ። ማክሰኞ ጠዋት ዕጩው ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ከድንኳኑ ጎን ወዳለው የላሞች በረት አዙሮ ተገኘ።

ዳርላ መለሰችው። ረቡዕም ዞሮ ተገኘ። ሐሙስም። የድንኳኑ ቁልፍ ያለው ማርሊስ፣ ዳርላና ቨርን ዘንድ ብቻ ነው። ማርሊስን መጠርጠር ቄሳችንን ሙዳየ ምጽዋት ሰረቁ ብሎ እንደመጠርጠር ነው። ቨርን ደግሞ ለመጠጡ የሚሆነውን በረዶ የሚያመጣው በጠዋት፣ ማንም ሳይደርስ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ማርሊስ "ምናለ ብትዋደዱ! አንድ ካርቶን ያጣላችኋል?" እያሉ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲመላለሱ እግራቸው አበጠ። አሳዘኑኝም፣ አሳቁኝም።

ዓርብ ከሰዓት ዳርላ ስብሰባ አስጠራች። ላሞች በሚወዳደሩበት አዳራሽ፣ የታሰረ ድርቆሽ ላይ ተቀመጡ። ቨርን ከፓርቲው እንዲሰረዝ ነው የፈለገችው። ያለዚያ የእሷ ወገን ነገ የራሱን ድንኳን ይተክላል። የቨርን ወገን ደግሞ እሱ ከተባረረ ተከትሎት ሊወጣ ነው። በየትም በኩል ቢሄዱ ፓርቲው ለሁለት መሰንጠቁ ነው።

"እኔ አልነካሁትም!" አለ ቨርን። "ወጣትነቴን የጨረስኩት እዚህ ፓርቲ ውስጥ ነው። ሰውዬውን አልወደውም፣ በግልጽ ተናግሬያለሁ። በድብቅ ግን አልሠራም።"

"ታዲያ ራሱ ዞሮ ነው? ላም አምሮት?" አለች ዳርላ። አዳራሹ ሳቀ። ቨርን አልሳቀም።

ድምፅ ማሰጠት የሊቀመንበሯ ሥራ ነው። ማርሊስ ተነሱ። የስብሰባ መዶሻቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት።

"ያዞርኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ክው አልኩ። ጆሮዬን አላመንኩም። ዳርላ አፏን እንደከፈተች ቀረች። አንዲት ላም ባትጮህ ኖሮ ሁላችንም እዚያው ደርቀን እንቀር ነበር።

"ማታ ስዘጋ እኔ ነኝ የማዞረው" አሉ ማርሊስ። "ያ ከስሮ ላሞቹን የሸጠ ገበሬ በቅስቀሳ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ቢጠይቀው፣ ይሄ ዕጩ 'ከተሸናፊ ጋር አላወራም' ብሎ ሕዝቡን አሳቀበት፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ባሌ አርኒ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእኛ ላሞች ተሸጠው፣ ተጭነው የሄዱ ቀን ባዶ በረት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የዋለው። ምሳ ብወስድለት ቀና ብሎ አላየኝም። እና ይሄ ሰውዬ እንደዚያ እየሳቀ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ አልቻልኩም። ወደ ላሞቹ አዞርኩት። እስቲ እነሱን ይያቸው ብዬ።"

ቨርን ያመሰግናቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። ቨርን ግን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተነሳ።

"ባለኮፍያውን ዋጥ አርገው አልሽኝ፣ ዋጥኩ። ከተማችንን የማያውቀውን ዋጥ አርገው አልሽኝ፣ ዋጥኩ። ዕድሜ ልኬን ስታስውጪኝ ኖረሽ አንቺ አንዱን መዋጥ አቃተሽ? ደግሞ ዝም ብለሽ እኔን ልታስበይኝ!"

"አላስበላሁህም፣ ቨርን። ይኸው ተናገርኩ እኮ።"

"ዛሬ ዓርብ ነው! ከማክሰኞ ጀምሮ ከሃዲ ተብዬ ነው በረዶ የተሸከምኩት!"

"እውነትህን ነው" አሉ ማርሊስ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሰው ሳወራ የሚያምነኝ የለም። ዳርላ ሊቀመንበሯ ከሥልጣን እንዲወርዱ ሐሳብ አቀረበች። ሐሳቡን የደገፈው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቨርን! ከሐምሌ ጀምሮ ሰላምታ ያልተለዋወጡ ሁለት ሰዎች! ከዚያ እጅ ወጣ። የዕጩው ወዳጆች ስለ ዕጩው ተቆጥተው፣ ጠላቶቹ ስለ ቨርን ተቆጥተው እጃቸውን አወጡ። የተኳረፉት እህትማማቾች ሳይቀሩ ጎን ለጎን አወጡ። እኔ መብቱ ስለሌለኝ እጆቼን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ፤ ለማርሊስ ብለው እንዳያመልጡኝ።

ደንቡ ድምፅ የሚቆጥረው ሊቀመንበሩ ነው ይላል። ማርሊስ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በጣታቸው እየጠቆሙ ከጥግ እስከ ጥግ ቆጠሩ። የሚቃወም አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። ከፍቷቸው ይሆናል ብዬ ቀና ብዬ አየኋቸው። እናንተ! ሴትዮዋ ፊታቸው በርቶ ነበር።

"በሙሉ ድምፅ አልፏል" አሉ። "አያችሁ? ስትፈልጉ እኮ ትስማማላችሁ።"

ቅዳሜ ሁለተኛ ድንኳን አልተተከለም። ካርቶኑ በስምምነት በጎኑ ቆሟል፤ አንድ ዓይኑ ወደ ሕዝቡ፣ አንድ ዓይኑ ወደ ላሞቹ። ቨርንና ዳርላ አንድ መጥበሻ ላይ ጎንበስ ብለው ይጠብሳሉ። ማርሊስ እንደማንኛውም ሰው ወረፋ መያዝ አፍረው ኖሮ፣ ራቅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አይብ ገዝቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ምን እያወሩ ነው?" አሉኝ።

"ልዋሽዎት አልችልም፤ እርስዎን እያሙ ነው።"

"ማን? ዳርላ?"

"ሁለቱም።"

"ተያይዘው?"

"ተያይዘው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨርስለታል።"

"ጎሽ" አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ለአይቡ ስል ነው የምመጣው ያልኩት እኔ፣ የማንም ፓርቲ አባል ያልሆንኩት ሰውዬ፣ ብድግ ብዬ ግንባራቸውን ሳምኳቸው። በእኛ አገር ሰው እንዲህ አይሳሳምና፣ በተራቸው እሳቸው ክው አሉ።