የእድራችን ወጣት

ሰው የሚያረጀው ዕድሜው ሲገፋ አይመስለኝም። የሚያረጀው የሚያዘው ታናሽ ሲያገኝ ነው። እኔ ይኸው ሃምሳን አልፌም አላገኘሁም... በእድራችን እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነኝ።

እድሩን እዚህ ሰው አገር ያቋቋምነው ሁላችንም ጉልበት በነበረን ጊዜ ነው። ያኔ ያጸደቅነው ደንብ፣ ለቅሶ ሲኖር ወንዶች አባላት ወንበርና ጠረጴዛ ከተከራየነው የዕቃ ማስቀመጫ ስቶሬጅ አውጥተው ለቅሶ ቤት ያደርሳሉ ይላል። ዛሬ አንዱ ጉልበቱን አስቀይሯል፣ አንዱ ልቡን አስጠግኗል፣ ሌላውን ከባድ ነገር እንዳታነሳ ብሎ ሐኪም ከልክሎታል። ደንቡ ብቻ አላረጀም።

እኔም ደህና መስዬ ነው እንጂ ወገቤ ዲስክ አለበት። ሳምንቱን ሙሉ ሪከንባከር ኤርፖርት አጠገብ ካለው መጋዘን ውስጥ ሳጥን ሳነሳ ሰንብቼ፣ ቅዳሜ ደግሞ ወንበር ልሸከም? እናንተስ ብትሆኑ? ስለዚህ ክሊቭላንድ አቬኑ ካለ አንድ ምግብ ቤት የጓሮ ክፍል ስብሰባ ሲጠራ፣ ከወንበር የምገላገልበትን ዘዴ ይዤ ሄድኩ። ማንም እንዳይነቃብኝ ትልቅ ስም ሰጠሁት፦ መዋቅራዊ ማሻሻያ።

«ኅብረተሰባችን እያረጀ ነው» ብዬ ጀመርኩ። «ስንት አገር በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ አጥቷል። እኛም ጡረታ ያስፈልገናል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ አባል ወንበር ከመሸከም ነፃ ይሁን።»

ተጨበጨበልኝ። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ታደሰ አዲሱን ጉልበታቸውን እያሻሹ ተናገሩ።

«ግሩም ሐሳብ ነው። ግን ሃምሳ አላነሰም? በሃምሳ ዓመት ሰው ገና ልጅ ነው። ያደጉት አገሮችም የጡረታ ዕድሜ ከፍ እያደረጉ ነው። ሃምሳ አምስት ይሁን።»

ትከሻዬ አይነሳም ሲሉ የከረሙት ሁሉ እጃቸውን እስከ ጣሪያ አነሱ። ዞር ዞር ብዬ ብቆጥር ከሃምሳ አምስት በታች ያለሁት እኔ፣ የሃምሳ አራት ዓመቱ፣ ብቻ ነኝ። በገዛ አፌ እድሩን በሙሉ ጡረታ አውጥቼ ብቻዬን ሥራ ላይ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ ብቻዬን እኮ ነኝ» አልኩ።

«አይዞህ፣ አንድ ዓመት ነው የቀረህ» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ የእድራችን አባል እትዬ አስካለ የወንድማቸው መርዶ ከአገር ቤት መጣባቸው። ወንበሩን ከቫን እያወረድኩ ደጃቸው ስደረድር፣ ጋሼ ታደሰ ካወረድኩት አንዱ ላይ ተመቻችተው «ቀስ በል፣ እግሩ እንዳይሰበር» ይሉኛል። የወንበሩን ነው።

ጥቂት እንደተመላለስኩ ወገቤ እንደ ጎበጠ አልቃና አለኝ። ልጄ ሜላት ለማስተዛዘን ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር የደረሰችው ይሄኔ ነው።

«ዳድ፣ ስቶፕ። ጎ ሲት ዳውን።»

ቁጭ ስል እሷና ጓደኞቿ ተረባርበው ቫኑን ባዶ አደረጉት። አልዋሻችሁም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጄ አኮራችኝ። ለቀስተኛው ግን ለሟች ያለቀስኩ መስሎት «ይተዋወቁ ነበር እንዴ?» ይላል።

የሽማግሌዎቹ ፊት በራ። ጋሼ ታደሰ ሜላትን አስጠሯት።

«ልጄ፣ እድሩ የናንተም እኮ ነው። ለምን አትገቡም?»

«ኦኬ ጋሼ፣ ጆይን እናደርጋለን» አለች። «ቮትም እናደርጋለን አይደል?»

ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«እሱ... ጥናት ያስፈልገዋል።»

አጥኚ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ በሙሉ በኔ ማሻሻያ ጡረታ የወጡ ስለሆኑ ጊዜ ሞልቷቸዋል። እኔም ሃምሳ አምስት የምሞላበትን ቀን እየጠበቅሁ ቫን መንዳቴን ቀጠልኩ። ልክ በልደቴ ቀን ጠዋት ጋሼ ታደሰ ደወሉ።

«ኮሚቴው የመጀመሪያ ውሳኔውን አሳለፈ» አሉኝ።

«ልጆቹ ድምፅ ይስጡ አላችሁ?»

«ኧረ እሱ ገና ነው። የጡረታውን ዕድሜ ስልሳ አደረግነው» አሉና፣ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «እንኳን ተወለድክ፣ አንተ ልጅ።»