ጋሼ ተሰማና የመጋዝ ሱሪዬ

ከአገሩ የወጣ ሰው በሁለት ነገር አዋቂ ነኝ ይላል፤ በፖለቲካና በባሕር ዛፍ። ፖለቲካውን ለጊዜው እንተወው፤ ብንተወውም እሱ አይተወንም። የባሕር ዛፉ ነገር ግን አንገቴ ድረስ ስለደረሰ ዛሬ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። አስቡት እስቲ፤ ባሕር ዛፍ ዘሩ ከዚሁ ከአውስትራሊያ ነው። እኛ ዘንድ የሄደው በእንግድነት ነው። እኛ ደግሞ እንግዳውን በማገዶነትና በአጥርነት ስላወቅነው ብቻ፣ ባለቤቶቹ አገር ድረስ መጥተን ስለ ገዛ ዛፋቸው ልናስተምራቸው ይቃጣናል። እኔም ከአስተማሪዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ሜልተን ውስጥ ቤት ስንገዛ ጓሮው ውስጥ አንድ ግዙፍ ባሕር ዛፍ ቆሞ ነበር። ደላላው ጥላውን አሞገሰልን። እኔም የዋህ ጥላውን አየሁ እንጂ ቅርንጫፉን አላየሁም። ቅርንጫፉ የሰው ወገብ ያህላል፤ ተንጋዶ ሄዶ ልክ የልጄ የሊዲያ መኝታ ክፍል ጣሪያ ላይ ያንዣብባል። አንድ ቀን የአጥር ጎረቤታችን ቀና ብሎ አየውና፣ ይህ ዓይነቱ ዛፍ ነፋስ እንኳ ሳይነካው ቅርንጫፉን ዝም ብሎ የሚጥልበት ቀን አለ አለን። እዚህ አገር የቅጽል ስሙ ሚስትን ያለ ባል የሚያስቀር ነው ብሎም ጨመረበት። ይህን ሁሉ ያለው ባለቤቴ ሰብለ አጠገቤ ቆማ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሚስት ባለችበት ይናገራል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊዲያ ክፍሏን ለቃ ከእናቷ ጋር መተኛት ጀመረች። እኔ ወደ ሶፋ ተሰደድኩ። ሶፋው ሦስት ሰው ያስቀምጣል እንጂ አንድ ሰው አያስተኛም፤ እግሬን ስዘረጋ አንገቴ ይታጠፋል፣ አንገቴን ሳቃና እግሬ መሬት ይወርዳል። ይህም ይሁን። ግን እውነቱን ልናገርና ፈርቼ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጄን ባዶ አልጋ ባየሁ ቁጥር ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ። ለዛፍ ቆራጭ ባለሙያዎች ደወልን፤ ወረፋው ከወር በላይ ነው። ያኔ ነው እንግዲህ ደረቴን ነፍቼ፣ ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ ደግሞ ፈረንጅ ልጠብቅ እንዴ ያልኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ቃሌን መልሼ ልውጣት ብል ሰብለ ሰምታታለች።

ሰብለ ነርስ ናት፤ የምትሠራውም ድንገተኛ ክፍል ነው። መጋዝ የነካው እግር ምን እንደሚመስል በዓይኗ አይታለች፤ አይታም አልቀረች፣ እራት ላይ ዘርዝራ ነገረችኝ። መቁረጡን ቁረጥ፣ ግን ሱሪውን ሳትለብስ ያንን መጋዝ ከካርቶኑ ብታወጣ ሶፋውንም ታጣዋለህ አለችኝ። ሱሪ የምትለው ለመጋዝ ተብሎ የተሠራውን ወፍራም ሱሪ ነው። እንዲህ ያለ ሱሪ መኖሩንም የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እኛ አገር ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ሱሪውን ወደ ላይ ይጠቀልላል እንጂ ሌላ ሱሪ ይደርባል?

መጋዝ ለመምረጥ አማካሪ አላጣሁም። ትሩጋኒና የሚኖረው ጓደኛዬ ዳንኤል ሳልጠራው ደወለ። ዳንኤል ፋርማሲስት ነው፤ በሕይወት ዘመኑ የቆረጠው ነገር ቢኖር ለሁለት የሚከፈል ክኒን ነው። እሱ ግን፣ መጋዝ ማለት ባለቤንዚን ነው፣ ባለባትሪውን ከያዝክ ጢምህን ተላጭበት አለኝ። አመንኩት። ለምን እንዳመንኩት እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

ሱቁ ስገባ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መጋዞች ትልቁን በጣቴ አሳየሁ። ሻጩ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው። ቀና ብለው መጋዙን፣ ዝቅ ብለው እኔን አዩና፣ ከዚህ በፊት ምን ይዘህ ታውቃለህ አሉኝ። መጥረቢያ አልኳቸው። ሄደው አንዲት ትንሽ ባለባትሪ መጋዝ አመጡ። ከባድ መጋዝ ክንድ ያደክማል፣ የደከመ ክንድ ደግሞ መጋዙን የሚያወርደው ገላ ላይ ነው አሉ። ጫፉ እንጨት ከነካ ወደ ፊትህ ይዘላል፣ ከትከሻህ በላይም አታንሳው፣ መሰላል ላይም እንዳትወጣበት አሉኝ። እኔ ልገዛ የሄድኩት መጋዝ ነው፣ ሰውዬው የሚሸጡልኝ ፍርሃት ነው።

ከዚያ ልብሱ መጣ። ፊት ላይ መረብ፣ ጆሮ ላይ መሸፈኛ ያለው ሄልሜት፤ ጓንት፤ አፍንጫው ብረት የሆነ ቦት ጫማ። በመጨረሻም ማንገቻ ያለው፣ ብርቱካናማ፣ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ ሱሪ። ሰንሰለቱ ሱሪውን ሲነካ ውስጡ ያለው ክር ተተርትሮ ወጥቶ ይጠመጠምበትና መጋዙን ቀጥ ያደርገዋል ብለው አስረዱኝ። ግን ሱሪው የሚያድነው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ እግራቸው የተረፈላቸው ደንበኞች ናቸው። ሻጩ በእነዚያ ፎቶዎች ፊት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት የቆሙ ነው የሚመስሉት። እንዲላላህ አንድ ቁጥር ከፍ አድርገህ ውሰድ አሉኝና ወሰድኩ። ይቺ አንድ ቁጥር ናት ጉድ የሠራችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ዳንኤል ገመድ ይዞ መጣ። ጋሼ ተሰማም መጡ። ጋሼ ተሰማ ማን ናቸው ላላችሁ፣ ሰብለን ለእኔ ከአባቷ የለመኑት ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ባይለምኑልኝ ሰብለም የለችም፣ ሊዲያም የለችም። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ አገር ቤት ሳሉ የደን ሠራተኛ ነበርኩ ይላሉ፣ ዳንኤል ግን የደን መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ ይላል። የሆነው ሆኖ ባሕር ዛፍ ሊቆረጥ ነው ሲባል ሰምተው፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር የሜልተን ብርድ፣ ስስ የሱፍ ሱሪ ለብሰው በባቡር መጡ።

እኔ ልብሱን በሙሉ በረንዳው ላይ ወንበር ላይ ደርድሬዋለሁ። ጋሼ ተሰማ ዞረው ዞረው ሱሪው ዘንድ ቆሙ። በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አደረጉትና፣ ይሄ ደግሞ እንዴት ያለ ድርብ ነገር ነው አሉ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እኔም አፌ ላመሉ፣ ጋሼ ይልበሱት እስቲ አልኩ።

እዚህ ላይ ፍርድ ስጡኝ። የእኛ ሰው ይህን ሲል ምን ማለቱ ነው? መንገድ ላይ እየበላ ያገኘኸው ሰው እንብላ ቢልህ ቁጭ ብለህ ትጎርሳለህ? እኔ ደንቤን ፈጸምኩ። እሳቸው ደግሞ በደንቡ መሠረት፣ ኧረ በስመ አብ፣ ለአንተው ይሁንህ ማለት ነበረባቸው። እኔ ልሙት ብዬ እገዘታለሁ፣ እሳቸው እንደገና እምቢ ይላሉ፣ ሁለታችንም ተከባብረን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ስንት ዘመን የኖርንበት ሥርዓት ነው! ጋሼ ተሰማ ግን ሱሪውን አነሡና መታጠቢያ ቤት ገቡ።

ሲወጡ የሱፍ ሱሪያቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘዋል። የመጋዙ ሱሪ ልክክ ብሏቸዋል፤ ለካ የእኔ አንድ ቁጥር ከፍ የሳቸው ልክ ኖሯል። በረንዳው መሐል ቆሙ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንዳለበስከኝ የጸጋ ልብስ ያልብስህ፣ ብርዴን እንዳየህልኝ እሱ ችግርህን ይይልህ አሉ። ዳንኤል አሜን አለ። ሰብለ ከወጥ ቤት ምርቃት ሰምታ፣ ምን እንደተመረቀ ሳታውቅ፣ ከሁላችንም በላይ ጮክ ብላ አሜን አለች። እኔስ ምን ልበል? አሜን አልኩ። ሰጥቶ መንሳት የእግዚአብሔር ሥልጣን ነው፤ የእኔ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ምንም የሆነ ነገር የለም። ሰብለ ሱሪ ከሌለ መጋዝ የለም አለች። ጋሼ ተሰማ ወንበር አስመጥተው፣ ሙቀታቸው ተመልሶ፣ ቅርንጫፉ ከየት በኩል ቢቆረጥ እንደሚሻል እስከ ምሳ ድረስ አስተማሩን። ምሳ በላን። እሳቸው ከነሱሪው ባቡር ተሳፈሩ። ሰብለ አንገቴን ልታንቀኝ ደረሰች፤ ሰው የልጁን ነገር እንዲህ ያደርጋል ወይ አለችኝ። አንቺስ አሜን አላልሽም ወይ አልኳት። ሊዲያ ሁለታችንንም አይታ በእንግሊዝኛ፣ ለምን ዝም ብላችሁ መልሱልን አትሏቸውም አለች። ይቺ ልጅ ምኗን ነው ሐበሻ ያደረግናት?

ደግሞ አልሞከርኩም አይደለም። ማክሰኞ ዕለት ቃሌን አሰናድቼ ደወልኩላቸው። ሄሎ ከማለቴ፣ ልጄ፣ ይህን ሱሪ ከለበስኩ ወዲህ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም፣ ስተኛም አላወልቀውም አሉኝ። ደህና አደሩ ወይ ልልዎት ነው ብዬ ዘጋሁ። ወዲያው ሱቁ ሄጄ ሌላ እንዳልገዛ ሳምንቱን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ሺፍት ነበረብኝ፤ ሱቁ የሚዘጋው እኔ ከመውጣቴ በፊት ነው። ሶፋው ላይ ሆኜ ንፋሱን አዳምጣለሁ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጋሼ ተሰማ ከጋቢያቸው ሥር ብርቱካናማው ሱሪ እየታየ ከፊት ቆመዋል። ቅዳሴው ሲያልቅ ሽማግሌዎች ከበዋቸው ጨርቁን ይዳብሳሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

ቤት ስንደርስ ቅርንጫፉ ወድቋል።

ሰብለ ጫማዋን ጥላ ወደ ጓሮ ሮጠች። ከግንዱ ሲገነጠል ወደ ግራ ዞሮ ኖሮ የሊዲያን ጣሪያ በክንድ ስቶታል፤ ያረፈው የጓሮ ዕቃ ቤቱ ላይ ነው። ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ሊዲያ መስኮቷን አየች፣ አልጋዋን አየች፣ እንግዲያው ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ልተኛ አለች። ተመስገን!

ግን ምስጋናዬን ሳልጨርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቅርንጫፉ የተጋደመው በዕቃ ቤቱ በር ላይ ነው። መጋዙ ያለው ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነው። መጋዙን ለማውጣት መጋዝ ያስፈልጋል። ጎረቤቴ የራሴን ላውስህ ቢለኝ፣ ሰብለ ፈጥና ሱሪ የለውም አለችው። በሰው ፊት! ከዚያም ትዕግሥቷ አለቀና ስልኩን አንሥታ ለጋሼ ተሰማ እቅጩን ነገረቻቸው፤ ጋሼ፣ ያ የመጋዝ ሱሪ ነው፣ ባሌ ያለው ደግሞ እሱ አንድ ብቻ ነው አለች።

ጋሼ ተሰማ ግን፣ ለራሱ ሌላ ሳይኖረው ነው ለእኔ ያለበሰኝ አሉ። ሰብለ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። እስከ ማታ ድረስ ወሬው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ክሬጊበርን ደረሰ፤ ከማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ምርቃት በስልክ ይዘንብልኝ ጀመር። እንግዲህ ያንን ሱሪ መልስ ብሎ መጠየቅ ከዛፉ ሥር ከመተኛት ይብሳል።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ሱቁ ሄድኩ። ያንኑ ዓይነት ሱሪ ሌላ ስጡኝ አልኳቸው ጢማሙን ሰውዬ። ፊታቸው ልውጥ አለ። ያኛውን ከገዛህ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላህም አሉኝ። አዎ አልኩ። ቀስ ብለው እግሬን አዩት። ታዲያ አዳነ ወይ አሉኝ። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳቸው አሰብኩ፤ ግን ይሉኝታን፣ ምርቃትን፣ የሰብለን አሜን በየትኛው እንግሊዝኛ ልናገር? ሰው አድኗል አልኳቸው። ውሸት አይደለም፤ ጋሼ ተሰማን ከብርድ አድኗቸዋል።

ሰውዬው ባንኮኒያቸውን ዞረው መጡና አቀፉኝ። ካሜራቸውን አወጡ። ኧረ ይቅርብኝ አልኩ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ደንባችን። ሦስተኛ ሲለምኑኝ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝና ቆምኩላቸው።

አዲሱን ሱሪ ታቅፌ ቤት ስገባ ቅርንጫፉ የለም። ጎረቤቴ የራሱን ሱሪ ለብሶ፣ በራሱ መጋዝ፣ በግማሽ ሰዓት ከታትፎ አጥሩ ሥር ደርድሮታል። እኔም ዛሬ ከመጋዝ አደጋ በተአምር እንደተረፈ ሰው፣ አውራ ጣቴን ቀስሬ፣ እዚያ ሱቅ ግድግዳ ላይ በፎቶ ተሰቅያለሁ። መጋዙ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም።