ጋሽ ይሰማኛል እና የእህቴ አዲስ መኪና

አዲስ መኪና ብቻውን የሚነዳ ሰው የለም። ባለ መኪናው አንድ ነው፣ ነጂው አንድ ነው፣ አማካሪው ግን ሁልጊዜ ሰፈር ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ቤትህን ቀለም ስትቀባ ዝም ያለህ፣ ልጅ ስትወልድ «ደስ ይላል» ብሎ ያለፈህ ሰው፣ አዲስ ሞተር ስታስነሳ አጥር ዘሎ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር አላየሁም። የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር ጋሽ ይሰማኛል ናቸው።

እውነተኛ ስማቸው ይህ አይደለም። ግን የሞተር ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው «ዝም በል! ይሰማኛል» ስለሚሉ፣ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ከባለቤታቸው በቀር የሚያስታውስ የለም። «አርባ ዓመት መኪና ስጠግን ኖሬያለሁ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና። መንጃ ፈቃድ የላቸውም፣ መሪ ጨብጠውም አያውቁም። ይህ ግን አንድም ቀን ከማስተማር አግዷቸው አያውቅም።

እኔ እጃቸው ላይ የወደቅኩት በእህቴ ምክንያት ነው። ታላቅ እህቴ የጥርስ ሐኪም ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መንጋጋ ላይ አጎንብሳ ሠርታ በመጨረሻ አንድ ጥቁር፣ ወንበሩ ቆዳ የሆነ፣ በሩ ሲዘጋ እንኳ ድምፅ የማያሰማ ቅንጡ መኪና ገዛች። በገዛች በአራተኛው ቀን ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ውጭ መሄድ ግድ ሆነባት። ሻጮቹ ደግሞ «የመጀመሪያው ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር በቀስታ ተነድታ ትሟሽ፣ ከዚያ ለምርመራ ትምጣ» ብለዋታል። ሌላ ሰው አጣችና ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በልጅነቴ ብስክሌቷን ወንዝ ከትቻለሁ። ካደግኩ በኋላ የመጀመሪያ መኪናዋን ከግድግዳ አጋጭቼ «እንዲህ ሆና ነው ያገኘኋት» ብዬ ሽምጥጥ አድርጌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ለዘጠኝ ዓመት የቤቷን ቁልፍ እንኳ አስጨብጣኝ አታውቅም።

«ብስክሌቱም መኪናውም አይደለም የቆጨኝ» አለችኝ ቁልፉን ስትሰጠኝ። «ውሸቱ ነው። አሁንም ከዋሸኸኝ ሁለተኛ አላምንህም።»

በመጀመሪያው ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳቴ ጋሽ ይሰማኛል ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ደጄ ላይ ቆመዋል። እጃቸው ተዘርግቷል።

«ዝም በል! ይሰማኛል።»

ምንም አልተናገርኩም ነበር። ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ለጥፈው ቆዩና እንደ ሐኪም ቀና ብለው «ገና ሕፃን ናት» አሉ። «አሁን የምታስለምዳት ጠባይ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል።» ከዚያ የፊተኛውን በር ከፍተው ገቡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልወረዱም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ለምሳ ይወርዱ ነበር።

«አትሩጥ። አትንቀርፈፍ። በአንድ ፍጥነት ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በላይ አትሂድ፤ ሞተር እንደ ሰው ይሰላቻል» አሉኝ። ስለዚህ ወደ ሰባ እንወጣለን፣ ወደ አምሳ እንወርዳለን፣ እንደገና ወደ ሰማንያ እንወጣለን። ከኋላችን የሚመጡ ነጂዎች ስለ እናቴ የሚያወሩትን በመስኮት እሰማለሁ። የቆሻሻ መኪና ሳይቀር ቀድሞናል። አንድ ቀን ባለቤቴ አብራን ወጥታ፣ ገና አሥር ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ሆዷን ይዛ «አውርደኝ፣ በእግሬ እመለሳለሁ» አለች። ክቡርነታቸው ቅር አልተሰኙም። «ይሻላል፣ ክብደትም ለአዲስ ሞተር ጥሩ አይደለም» አሉ። ይህን ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

የነዳጁ ነገርማ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። መኪናዋ የምትጠጣው ናፍጣ ነው፤ የታንኩ ክዳን ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ለእኔ ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ። ለጋሽ ይሰማኛል ግን ገና መጀመሩ ነበር። ናፍጣ የሚቀዳው መሬቱ ሳይሞቅ ማለዳ ነው። ቦቴ ነዳጅ ሲያራግፍ ካየህ አልፈህ ሂድ፣ የጉድጓዱ አተላ ተበጥብጧል። አንዱን ማደያ ወለሉ ስለሚያዳልጥ ጣሉት። ሌላውን ጠባቂው ስላዛጋ ብቻ ጣሉት፤ «ጠባቂው የሚያዛጋበት ማደያ ናፍጣው ውሃ አያጣም» አሉ። ሦስተኛውን ፈቀዱ። እዚያም ቢሆን እስኪሞላ አጠገብ ቆመው ያሸታሉ፣ ደረሰኙን ከአፍንጫቸው አስጠግተው ያነባሉ፣ በመጨረሻ «አስነሳ» ይላሉ። እሳቸው ሳያዙ ጣቴ ወደ ማስነሻው ከሄደ እጄን ይመቱኛል። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው።

ሠላሳ ኪሎ ሜትር ብቻ ሲቀረን ትዕግሥቴ አለቀ። እህቴ በማግስቱ ትገባለች። ጋሽ ይሰማኛል ምሳ ላይ ሳሉ ሾልኬ ወጣሁ። ብቻዬን! ሬዲዮ ከፈትኩ። በአንድ ፍጥነት አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ነዳሁ፤ ሞተሩ ተሰላችቶም ከሆነ አልነገረኝም። ታንኩን ሞልቼ ላስረክባት ብዬ ያገኘሁት ማደያ ስገባ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«መኪናዬ እንዴት ናት?»

«እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት፣ እህት ዓለም!» አልኩና፣ ለነዳጅ ቀጂዋ በመስኮት «ከጥሩው ሙሊልኝ» አልኳት።

በዚያ ማደያ ጥሩ የሚባለው፣ ዋጋውም የሚወደደው፣ ልዩ ቤንዚን ነበር። ቀጂዋ መኪናዋን አየች፣ ኩራቴን አየች፣ ለሁለታችንም የሚመጥነውን ቀዳች።

ስልኩን ዘጋሁ፣ ከፈልኩ፣ ጣቴን ወደ ማስነሻው ሰደድኩ። እጄ ግን ራሱ ቆመ። ሦስት ሳምንት ሲመታ የከረመ እጅ ነው። እስቲ ብዬ ደረሰኙን አየሁ። «ቤንዚን» ይላል። ክው አልኩ።

«እንዲህ ያለ መኪና ናፍጣ ይጠጣል ብዬ በምን ልጠርጥር?» አለች ቀጂዋ፣ እሷም ደንግጣ። «ከጥሩው» ያልኩት እኔ ነኝ። በዓይኔ የመጣው ሞተሩ አልነበረም፣ የእህቴ ፊት ነው። ከዚያ አንድ ሰው ጋ ብቻ ደወልኩ።

«ጋሼ… ቤንዚን ሞሉባት።»

«አስነሳሃት?»

«አላስነሳሁም።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «ተመስገን! ቁልፉን ይዘህ ራቅ በል። ምንም ነገር እንዳትነካ። መጣሁ።»

በነጠላ ጫማ መጡ፤ አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የባለቤታቸው። «አላልኩህም?» የሚለውን ቃል አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። አላሉም። ፊቴን አይተው «መጀመሪያ ውሃ ጠጣ» አሉኝ። ጎታች መኪና የጠሩት እሳቸው ናቸው፣ መካኒክ ያገኙትም እሳቸው። ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ጠብታ አወጣ፣ ታንኩን አጠበ፣ ማጣሪያውን ቀየረ፣ ናፍጣ ሞላ። «ሞተሩ ስላልተነሳ ምንም አልሆነችም» አለ። እኔ ግን የማምነው አንድ ጆሮ ብቻ ነበር። ሳስነሳት ጋሽ ይሰማኛል ኮፈኑ ላይ ተደፉ። ማንንም ዝም በል አላሉም፤ ሁላችንም ዝም ብለን ነበር።

«ደህና ናት» አሉ።

መሬት ላይ የተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። እፎይታ ሰውን እንደሚያስለቅስ አላውቅም ነበር።

ስንመለስ «ለእህትህ እኔ ትንፍሽ አልልም። ሆዴ ይፍጀው» አሉኝ። የማንንም ቤት የቧንቧ ብልሽት ለሰፈር የሚያውጁ ሰው ናቸው እንግዲህ።

በማግስቱ እህቴ መጣች፣ መኪናዋን ነድታ ዞር ዞር ብላ ፊቷ በርቶ ተመለሰች። ጋሽ ይሰማኛል ሳይጠሩ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት አሉ ያሟሹልኝ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ናፍጣው ከየት ነው የተቀዳው? ያጋጠማችሁ ነገርስ የለም?»

በሕይወታቸው ሙሉ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ እንዲጠይቃቸው ሲጠብቁ ኖረዋል። አፋቸው ተከፈተ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። እኔን አዩኝ። አፋቸው ተዘጋ።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉ። «ስለ መኪና ብዙም አላውቅም።»

አሥራ አንድ ዓመት በአጥር ተጎራብተናል፤ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። እህቴ ሳቀች። «ታዲያ ሦስት ሳምንት ፊት ወንበር ላይ ምን ይሠሩ ነበር?» አለች። ለቀልድ ነው። እሳቸው ግን አቀርቅረው እጃቸውን ያዩ ጀመር። ያ አላስቻለኝም።

«ያውቃሉ!» አልኩ። ሳላስበው ጮኼ ነው። ሁሉንም ዘረገፍኩት። በስልክ እየተመጻደቅኩ «ከጥሩው» ማለቴን፣ ቤንዚኑን፣ ጎታቹን፣ እሳቸው ጣቴን ባያስተምሩልኝ ኖሮ ሞተሩ ዛሬ የት ይሆን እንደነበር።

እህቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አስተያየት ዘጠኝ ዓመት ስሸሽ ኖሬያለሁ።

«ሳልይዝህ ስትነግረኝ የመጀመሪያህ ነው» አለች። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ነገ ለምርመራ አንተው ውሰድልኝ። ከጋሼ ጋር።»

ጋሽ ይሰማኛል ቀና አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ከማደያው እንጀምር» አሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ተናገሩ፤ ስለ ቦቴው፣ ስለ አተላው፣ ስለሚያዛጋው ጠባቂ። እያንዳንዱን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። በመጨረሻ ደክሟቸው ዝም ሲሉ «ስለ ፍሬኑስ፣ ጋሼ?» ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።