ክቡር ኢንጂነሩና ጄኔሬተራቸው

በየትኛውም ቤተሰብ ውስጥ አንድ አይጠፋም። አየር ልቀበል ብሎ ከቤት ሲወጣ ቤቱን ጠቅልሎ ካልጫነ አየሩ አየር የማይመስለው ሰው። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የልብስ ካውያው ሳይቀር አብረውት ይዝናናሉ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው የሚያውቁ ሁሉ እንዴት እንደሚያበሳጭ አውርተው አይጠግቡም፤ ሳይጋበዙ ከቀሩ ግን ያኮርፋሉ።

አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ሰው የደረሰው በጋብቻ ነው። የሚስቱ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሱሪ ሲሰፉና ኮት ሲያሳጥሩ የኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ጡረታ የወጡ ዕለት በመኪና የምትጎተት፣ የሚታደርባት አንዲት ጠባብ ካራቫንና አንድ አሮጌ ጄኔሬተር ገዙ። ቤተሰቡም ወዲያው "ክቡር ኢንጂነሩ" የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። ለቀልድ ነበር። እሳቸው ግን ማዕረጉን ከልባቸው ተቀበሉት።

"እሱን ለእኔ ተዉት" ይላሉ ክቡር ኢንጂነሩ። ጎማ ሲተነፍስም፣ መንገድ ሲጠፋም፣ ሰው ስቅ ሲለውም። አንድ ጊዜ ወደ ሐይቅ ሲሄዱ "አቋራጩን ለእኔ ተዉት" ብለው ቤተሰቡን ከነካራቫኑ ድንጋይ መፍጫ ግቢ ውስጥ አስገቡት። እዚያም ወርደው ዘበኛውን፣ ሐይቁን ምን እንዳደረገው በቁጣ ጠየቁት።

ባለፈው የዕረፍት ሰሞን እንደ ምንም ሐይቁ ዳር ደረሱ። አማችየው ዓመቱን ሙሉ ማተሚያ ማሽን ሥር ቆሞ ስለሚውል ጆሮው ቤት ገብቶም ይጮኽበታል። የሚፈልገው ዝምታ ብቻ ነበር። ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ምድሩ ተንቀጠቀጠ።

ጄኔሬተሩን ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ከካራቫኗ ራቅ ይላል፤ ጭስ ማውጫው ከመስኮት ፊቱን ያዞራል። "ይኼ ጭስ ሳያሳልህ ነው የሚገድልህ" እያሉ ክቡር ኢንጂነሩ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነፋሱን ይለካሉ። ነፋሱ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ገመዱ ይጠቀለላል፣ አማችየውም ከነምንጣፉ ይፈናቀላል።

ችግሩ ጄኔሬተሩ ጉልበት የለውም። ፍሪጁ እየሠራ የውሃ ማፍያው ከተጨመረበት አጉረምርሞ ይጠፋል። ስለዚህ ውሃ የሚያፈላ ሰው አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት።

"ሻይ ላፈላ ነው፤ ይፈቀዳል?" ይላሉ ባለቤታቸው በካራቫኗ በር ብቅ ብለው።

"ትንሽ ታገሺ፣ ፍሪጁ እየሳበ ነው።"

"እኔ ሻይ ለማፍላት ያስፈቀድኩት አንተን አግብቼ ነው፤ እናቴ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።"

አጠገባቸው ድንኳን የተከሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። ሴትየዋ ጥቂት ቀን ታግሰው በመጨረሻ "ጎረቤት፣ እኔ እዚህ የመጣሁት ወፍ ልሰማ ነው" አሏቸው።

"ወፎቹማ ለምደውታል፣ ክብርት ዳኛ። ይኸው አብረው እየዘመሩ አይደል እንዴ?"

ዳኛዋ ዞረው ሄዱ። አማችየው ባርኔጣውን ይበልጥ ወደ ታች ሳበው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጄኔሬተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አለና ጸጥ አለ። አማችየው የውሃውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። በልቡ ተመስገን አለ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ የሚስቱ እናት አንዲት ትንሽ ካርቶን ይዘው ከካራቫኗ ወጡ። የስኳር መርፌያቸው ናት፤ ፍሪጅ ውስጥ ነበር የምትቀመጠው። ሙቀቱ ደግሞ ያን ቀን ሰው ያቀልጣል። በመኪናው የአማችየው ሚስት ልጆቹን ይዛ ከተማ ወርዳለች፤ ሳይመሽ አትመለስም።

"መድኃኒቴ ሊበላሽብኝ ነው" አሉ እናትየዋ በቀስታ።

"እሱን ለእኔ ተዉት" አሉ ክቡር ኢንጂነሩ። ድምፃቸው ግን የወትሮው አልነበረም። የማስነሻ ገመዱን ሸሚዛቸው እስኪርስ ጎተቱ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈተው ጠረጉት፣ እፍ አሉበት፣ መለሱት። ምንም የለም። አማችየውም ተቀብሎ ጎተተ፤ ምንም የለም። ሽማግሌው ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ተነሱ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ፣ ካርቶኗን ከባለቤታቸው ተቀብለው ወደ ዳኛዋ ድንኳን አመሩ።

አማችየው ከኋላ ተከተላቸው። እኚህ ሰው ማንንም ምንም ሲለምኑ ሰምቶ አያውቅም።

"ክብርት ዳኛ፣ ሳስቸግርዎት ነው የሰነበትኩት" አሉ። "ጄኔሬተሩ እምቢ አለኝ። ይቺ የባለቤቴ የስኳር መርፌ ናት። የበረዶ ሳጥን እንዳለዎት አይቻለሁ። እባክዎን።"

ዳኛዋ ካርቶኗን አዩ፣ ሰውየውን አዩ። ከሳጥናቸው ውስጥ ሐብሐቡን አውጥተው ፀሐይ ላይ አስቀመጡና ካርቶኗን በፎጣ ጠቀለሏት። "በረዶው እንዳይነካት ነው፤ እናቴም ይኸው በሽታ ነበረባት" አሉ። "ይቀመጡ፤ ላብዎ ይድረቅ።"

ክቡር ኢንጂነሩ ተቀመጡ። የድንኳኑን ጥግ ሲመለከቱ ቆዩ። ከታች በኩል ተቀዷል።

"ምነው፣ እሱንም ለእርስዎ ልተወው?" አሉ ዳኛዋ፤ ለካ ሰሞኑን የሰሙት ጄኔሬተሩን ብቻ አልነበረም።

ሽማግሌው ሳቁ። ከካራቫኗ መርፌና ወፍራም ክር አስመጥተው ቀዳዳውን ይሰፉ ጀመር። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ስለ ክሩ አላስተማሩም፣ ስለ ሸራው አልመሰከሩም። ስፌቱ ሲያልቅ ቀዳዳው የት እንደነበር አይታወቅም። አማችየው ያኔ አንድ ነገር ገባው፦ እኚህ ሰው የሚያወሩት የማያውቁትን ነው፤ የሚያውቁትን ዝም ብለው ይሠሩታል።

ልጃቸው ማምሻውን ተመለሰች፤ መድኃኒቱም ደህና ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ጎራ አሉ። መካኒኩ ጄኔሬተሩን ገልብጦ አየው።

"ካርቡሬተሩ ተደፍኗል" አለ። "ይጸዳል፤ ግን አሮጌ ነው። አሁን ድምፅ የሌላቸው መጥተዋል። እኔን ብትሰሙኝ ይኼን እዚሁ ጥላችሁ ብትሄዱ ነው የሚሻለው።"

ክቡር ኢንጂነሩ ወደ አማቻቸው ዞሩ። "አንተ ምን ትላለህ? ጆሮህን አሳምሜዋለሁ፤ አውቃለሁ።"

ሚስቱ ከመኪናው መስኮት ታየዋለች። ይህችን ጥያቄ ካገባ ጀምሮ ሲጠብቃት ኖሯል፤ መልሷንም በቃሉ ይዟል።

"አጽዳልን" አለው መካኒኩን።

ጄኔሬተሩ ሲነሳ የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው አማቻቸውን ክንዱን ይዘው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉና ካርቡሬተር እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ማስረዳት ጀመሩ። መካኒኩ ከጀርባቸው ቆሞ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው።