የአቶ አማን ላሞች

ዘይነባ አማን የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ፈተና ላይ ዝም አለች፤ በዝምታዋም ከትምህርት ቤት ልትወጣ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው።

ነገሩን ያስታወሰችኝ የልጅ ልጄ ናት። ሰሞኑን የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ነጥብ በመስመር በመስመር መደርደር ጀመረች። ምን እየሠራሽ ነው ብላት፣ እያባዛሁ ነው አለችኝ። ልጅ ያላችሁ አይታችሁት ይሆናል። የዛሬ ልጆች ሲያባዙ ይሥላሉ። ክብ ይሠራሉ፣ ክቡ ውስጥ ነጥብ ይከታሉ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ አምስት አምስት እያሉ እየዘለሉ ይቆጥራሉ። በእኛ ጊዜ ማባዛት ዜማ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ቆሞ "ሁለት ጊዜ ሁለት አራት" ብሎ በሙሉ ድምፅ ይጀምራል፤ የሰባት ማባዣ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሳሳል፤ የስምንት ላይ የሚሰሙት የፊት ወንበር ልጆች ብቻ ናቸው፤ የዘጠኝን አስተማሪው ብቻውን ይጨርሰዋል። ያልያዘ እጁን ይዘረጋል። በከተማችን በጎባ የጧት ብርድ የተመታ እጅ ደግሞ ሕመሙ ለብቻው ነው።

መምህር ተፈራ ግን አለንጋ አልነበረውም። ከጎጃም በኩል አዲስ ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦም የሚንቀጠቀጥ ወጣት ነበር። ከማሠልጠኛ ይዞት የመጣው አንድ እምነት ነበረው። ልጅ የማያውቀውን የሚማረው ከሚያውቀው ተነሥቶ ነው ይላል። ጥሩ እምነት ነው፤ ዛሬም እኔ ተቃውሞ የለኝም። ብቻ ልጁ ምን እንደሚያውቅ አስተማሪው ማወቅ አለበት።

ስለ ልጅነቴ ብዙ ማውራት አልወድም። አባቴ ቀድሞ ሞተ፤ አጎቴ ቤት አደግሁ፤ ጧት ጧት ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸክሜ ነበር ክፍል የምገባው። ይበቃል። ክፍል ስገባ እንቅልፍ ይጥለኛል። ዘይነባ የምትቀመጠው ከጎኔ ነው። መምህሩ ወደ እኛ ሲዞር በክርኗ ትጎሽመኛለች፤ ስነቃ ደግሞ በዴስኩ ሥር የገብስ ቆሎ ታቀብለኛለች። ወሬ አታበዛም። ከከተማው ወጣ ካለ ገጠር በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር፣ ከቤታቸው ትምህርት ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። አባቷ አቶ አማን ሲያስመዘግቧት ቁርጡን ተናግረዋል። ካለፈች ትማራለች፤ ከወደቀች እቤት ሥራ ሞልቷል።

ፈተናው በቃል ነበር። መምህር ተፈራ እንደ እምነቱ፣ ለአገሩ የሚስማማ ጥያቄ አዘጋጅቶ መጣ። አንድ ገበሬ አራት በረት አለው፤ በእያንዳንዱ በረት ስድስት ላሞች አሉ፤ በጠቅላላው ስንት ላሞች አሉት? የከተማው ልጆች፣ የቢሮ ሠራተኛና የነጋዴ ልጆች፣ በየተራ ተነሥተው ሃያ አራት አሉ፤ አለፉ። እኔም ላም የሌለበት ቤት ስላደግሁ ምንም አልመሰለኝም፤ አለፍኩ። የገጠሮቹ ልጆች ግን አንገታቸውን ደፉ። የዘይነባ ተራ ደረሰ።

"ማሻአላህ፣ ብዙ ናቸው" አለች።

ሌላ አስተማሪ ቢሆን በጥፊ ይላት ነበር። መምህር ተፈራ ደግ ሰው ነው፤ ሊረዳት ፈለገ። ገበሬው ሩቅ ሆኖባት ነው ብሎ አሰበ መሰለኝ፣ ያንቺ አባት በረት ነው እንበል አላት። ዘይነባ ደነገጠች። አማርኛው ከብዷት ነው ብሎ ደግሞ ከመጣ ወዲህ በለቃቀማት በተሰባበረች ኦሮምኛው ደገመላት። እስከዚያ ድረስ እንዳልገባት መስላ ማለፍ ትችል ነበር። አሁን ጥርት ብሎ ተሰማ፤ የአባትሽን ላሞች በሰው ፊት ቁጠሪ ተብላለች። ከንፈሯን ገጥማ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ከብት ያለው ሰው ከብቱን ጮክ ብሎ አይቆጥርም። ሲመሽ በዓይኑ ይቃኛል፤ የጎደለች ካለች በመልኳ ያውቃታል። ስንት ናቸው ብትሉት ደህና ናቸው ይላችኋል። ቁጥሩ ከአፍ ከወጣ ክፉ ዓይን ያገኛቸዋል ይባላል። ሰው ሲሆንማ የባሰ ነው፤ ስንት ወለድክ ተብሎ አይጠየቅም። መምህር ተፈራ ይህን ከየት ይወቀው? ዜሮ ሰጣት። ዜሮው ደጋሚ አደረጋት።

አቶ አማን ይህን ሰምተው በፈረስ መጡ። ፈረሱን ከአጥሩ አሰሩና ከዘራቸውን ይዘው ክፍላችን በር ላይ ቆሙ። ዘይነባ ደብተሯን ሰብስባ ጨርሳለች። እኔም ያን ቀን ያለ ጉሽሚያ ነቅቻለሁ። የሚቀሰቅሰኝ ሰው ሊሄድ መሆኑ ገብቶኛል። አቶ አማንና መምህሩ እንደ ደንቡ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ እህሉ ተጠያየቁ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

"ልጄ ምን አጠፋች?"

"አላጠፋችም፣ አባቴ። አራትን በስድስት ማባዛት አቃታት።"

"የምን ስድስት?"

"የላም።"

"የማን ላም?"

"ለምሳሌ ያህል… የእርስዎ።"

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ተናገርሽ ወይ ብለው በኦሮምኛ ጠየቋት። አልተናገርኩም አለች። ያኔ በአባቷ ፊት ላይ ያየሁትን፣ እኔ አባት ስላልነበረኝ ይሆናል፣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

"ልጄ" አሉት መምህሩን፣ "ድንች ቁጠሩ። ድንችን ዓይን አይበላውም።"

መምህር ተፈራ ጠመኔውን አስቀምጦ ሁላችንንም ይዞ ወጣ። ከክፍላችን ጀርባ እኛው የተከልነው ድንች ቡቃያው ብቅ ብሎ ነበር። አራት መስመር አሳያት፤ በእያንዳንዱ መስመር ስድስት ቡቃያ። ዘይነባ ከመስመሩ ጫፍ ጫፍ እየተራመደች ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አራት አለች። አንድ በአንድ አልቆጠረችም። መምህሩ ጎበዝ ብሎ ሊመለስ ሲል እሷ ዞራ በጎን በኩል ቆመች።

"ቲቸር፣ ከዚህ ሲታይ ደግሞ ስድስት መስመር ነው፤ አራት አራት። ያው ነው። እኔ የቆምኩበት ነው የተለየው።"

ይህን ገና አላስተማረንም ነበር። መምህር ተፈራ ራሱ ሄዶ እሷ የቆመችበት ቆመና ድንቹን አየ።

"አለፈች?" አሉ አቶ አማን ከአጥሩ ሥር።

"አለፈች።"

አልሐምዱሊላህ ብለው ፈረሳቸውን ፈቱ። ዘይነባ ክፍል ገብታ ከጎኔ ተቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች። እኔም ተኛሁ።

አሁን ወደ ልጅ ልጄ ነጥቦች ልመለስ። ነጥቦቹ ምንድን ናቸው ብላት፣ ድንች ናቸው አለችኝ። ላም የለም፤ በግም የለም። ማን ነው ያስተማረሽ አልኳት። ቲቸር ዘይነባ አለችኝ። ጎባ ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ አይጠፋኝም፤ አስተማሪ መሆኗን አውቃለሁ። ድንቹን ግን አላወቅሁም ነበር።

በማግስቱ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ልወስድ ሄድኩ። ዘይነባ በሩ ላይ ተማሪዎቿን እየሸኘች ነበር። መነጽር አድርጋለች፤ ወሬ ዛሬም አታበዛም። መምህር ተፈራ ወደ አገሩ ተዛውሮ ኋላ ማረፉን ሰምተናል። አቶ አማንም አልፈዋል፤ ላሞቻቸው ስንት እንደነበሩ የሰማ የለም። ከክፍላችን ልጆች ጦር ሜዳ የቀረ አለ፣ በሮቤ መንገድ ወጥቶ ያልተመለሰ አለ፣ እዚሁ መቃብር ያለ አለ። ይህን ቆመን አላወራነውም። የልጅ ልጄ ግን ማባዛት ከጀመረች ወዲህ የሁሉን ነገር ቁጥር ትፈልጋለች። አንድ ክፍል እንደተማርን ስትሰማ፣ ስንት ነበራችሁ፣ አሁንስ ስንት ቀራችሁ ብላ ጠየቀች።

ዘይነባ አየችኝ። ከዚያ የልጅቷን የቦርሳ ማንገቻ አስተካከለችላት።

"ደህና ነን" አለቻት።

ከዚያ ክፍል ጎባ የቀረነው እሷና እኔ ነን።