ሊቀ ጆሮ

ስለ አንድ ነገር ብቻ የሚያወራ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። አንዱ በጉልበቱ ሕመም፣ ሌላው በልጁ ዲፕሎማ ያደርቃችኋል። የእኛ ሆስፒታል ድርሻ ጆሮ ነበር።

አንድ አዛውንት የጆሮ ሐኪም ነበሩን፤ ሌሎቹ ሐኪሞች «ክቡር ሊቀ ጆሮ» ይሏቸው ነበር፤ ለማክበር እንዳይመስላችሁ። እኔ ክፍላቸውን አጸዳ ነበር። ገና መጥረጊያዬን ሳላሳርፍ፣ «ስሚ እህቴ፣ ሰው የሚቆመው በእግሩ አይደለም፤ በጆሮው ነው!» ይሉኛል። ቀብር ላይ እንኳ ሟቹን ትተው የቀባሪዎቹን አረማመድ ይመረምራሉ።

በውስጠኛው ጆሮ ከቦታቸው የወጡ ደቃቅ ጠጠሮች ራስ ያዞራሉ ባይ ናቸው። ሕመምተኛውን አስተኝተው፣ ጭንቅላቱን ወደ ታመመው ጎን አዙረው ሠላሳ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው። መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ። «አንገት ቆልማሚ!» ተባሉ። ለሕክምና መጽሔት የላኩት ጽሑፍ ሁሉ ተመለሰ። ክፍላቸውም ተነጥቆ ደረጃ ሥር ያለው ዕቃ ቤት ተሰጣቸው።

ዘዴውን የሚማርላቸው ሐኪም ሲያጡ እኔን ማስተማር ያዙ።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ፊደል አልቆጠርኩም።»

«ሠላሳ ከቆጠርሽ ይበቃል!»

አንድ ጠዋት ራሳቸው ዞሮባቸው ወደቁ። ወጣቶቹ ሐኪሞች ከበቧቸውና «አርጅተዋል፤ ራሳቸው ውስጥ ደም ፈሶ ይሆናል» አሉ። እሳቸው ወለሉ ላይ እያስመለሳቸው እኔን ፈለጉ። «ቀኝ ጆሮዬ ነው። አዙሪኝ። ዛሬ ካልተነሣሁ ይኼ ነገር ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ አዞርኩ። ሽርጤ ላይ አስመለሱ።

«አንቺ ሴትዮ! የእኔን ቀኝ እንጂ የአንቺን ቀኝ ማን ጠየቀሽ!»

እንደገና። ሠላሳ ቆጠርኩ። ሌላ ሠላሳ። ተነሥተው ቆሙ፤ ኮታቸውንም አራገፉ። «አጋጣሚ ነው» ብለው ወጣቶቹ ተበተኑ።

በዚያው ዓመት ክረምት ልባቸው ቆመ። ቀብራቸው ላይ አራት ነበርን። ወረቀታቸውን እንድጥል የታዘዝኩት እኔው ነኝ፤ አንድ ደብተር ከሽርጤ ሥር ደበቅኩ። ዛሬ ያንኑ ዘዴ ሁሉም ይሠራበታል። ማን ጀመረው ብትሉ የሚያውቅ የለም።

በስልሳ ዓመቴ ከልጅ ልጄ ጎን ተቀምጬ ፊደል ተማርኩ። ደብተሩን ገለጥኩ። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሕመምተኛ፦ እኔ። ሐኪም፦ የጽዳት ሠራተኛዋ። ውጤት፦ ድኛለሁ። ማሳሰቢያ፦ ቀኝና ግራ ታምታታለች።»

አሁንም ጎረቤት ራሷን ሲያዞራት ትጠራኛለች። ከመጀመሬ በፊት ጮክ ብዬ «የእሷን ቀኝ» እላለሁ። የሚቆጣኝ የለማ።