ሰባት ቤት ቆጣሪውና ነጯ እባብ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አትላንታ ድረስ መጥቶም የሰው ዘር የሚቆጥር ሰው አልገጠማችሁም? እኔስ ገጥሞኛል። እኔ ፊደል እንኳ የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ አቶ ደምሴ ግን የሰውን ቅድመ አያት በቃሉ እየቆጠረ ስንት ትዳር አፍርሷል! ልጁ የኔን ልጅ ሊያገባ ነውና፣ ሰባት ቤቴን ሊመረምር ኮሌጅ ፓርክ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጣ።

ልጄ ሳሮን እባብ ታረባለች። ምን ላድርጋት? ያን ቀን የቡናማዋ ፓይተን እባብ እንቁላሎች ተፈልፍለው፣ አምስቱ እናታቸውን ሲመስሉ አንዷ ነጭና ቢጫ ሆና ወጣች።

አቶ ደምሴ የእባቦቹን ሣጥን ከሩቅ አይቶ ሳቀ። "እናትየዋማ ማግጣለች!"

"ኖ፣ ጋሼ" አለች ሳሮን። "እዚያ ማዶ ካለው ቡናማ ወንድ እባብ ሌላ አይታ አታውቅም። የነጯን ዓይን ይዩት፣ ቀይ ነው፤ አልቢኖ ናት፣ ቆዳዋ ጥቁር ቀለም የማይሠራ። እናትና አባቷ ሁለቱም ነጭነቱን ውስጣቸው ደብቀው ይዘውት ነው። ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይወጣም።"

"ከአባትም?"

"ከአባትም።"

ሳቁ ጠፋ።

"ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ነጭ ሆኖ ተወለደ" አለ። "አባቴ፣ የኔ አይደለም ብሎ እናቴን ከነሕፃኑ አባረራት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ስሟ ተነስቶ አያውቅም።"

እኔ ደግሞ ክፉ ነኝ። "የእናትህ አባት ማን ይባላሉ?" አልኩት።

የአገሩን ሰው ሁሉ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ሰውዬ አያቱን አያውቅም።

ጎንበስ ብሎ ትንሿን እባብ ብዙ አያት። ከዚያ የኔን ሰባት ቤት ሳይጠይቀኝ፣ የሠርጉን ቀን ቆርጦ ሄደ።